«ጭጋጉ ሳይበግራቸው»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሳችኝ አንዲት ቃል ናት። በቅርቡ በክረምት ስሜን ተራሮች ላይ ሀይኪንግ ስለወጡ ወጣቶች ዜና አውጥታችሁ ነበር። ፎቶው ያምራል። ልጆቹም ያምራሉ። ከሥሩ ግን «ዝናቡና ጭጋጉ ሳይበግራቸው ከጫፍ ደረሱ» ይላል። እኔን የያዘችኝ ይቺ «ሳይበግራቸው» ናት። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እሷኑ ደጋግሜ አነበብኳት።

በልጆቹ ላይ ምንም የለኝም፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። እንዲያውም ደስ ብሎኛል። እኛ ልጆች ሳለን ስሜን የፈረንጅ ነበር። ፓርኩ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሮ፣ ሰው ከዓለም ዳር ሊያየው ሲመጣ፣ እኛ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቁጭ ብለን ዋልያን በፖስተር ነበር የምናውቀው። ዛሬ የቢሮ ጓደኛሞች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሠርግ ሚዜዎች ሳይቀሩ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ተጠራርተው ይወጣሉ። እሰየው ነው። ቃሏ ያናደደችኝ እኔንም አንድ ቀን ገደል አፋፍ ያደረሰችኝ እሷው ስለሆነች ነው። ያኔ በጋዜጣ አልወጣችም እንጂ ጭንቅላቴ ውስጥ ተጽፋ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ፓርኩ ላይ እሳት ተነስቶ አገር የተጨነቀበት ዓመት። መምህር ነኝ፣ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አራት ሆነን አዋጥተን አንድ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን፣ ከሹፌሩ ጋር አምስት ሆነን ወጣን። ኮሶዬ ላይ ወርደን ቁርስ በላን። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፈን ደባርቅ ገባን። እዚያ ተመዘገብን፣ የሚከፈለውን ከፈልን፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውትና አስጎብኚ ተመደበልን። ስካውቱን ሁላችንም «አያ» ነበር የምንለው፤ ዕድሜው ከሁላችንም ይበልጣል። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ ነበር። እኔ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን የተራራ ጫማ አጥብቄ አስሬ በሆዴ «ይሄ ሰውዬ በዚህ ጫማ እንዴት ሊሆን ነው» እላለሁ። (ማን ማንን ይዞ እንደተመለሰ በኋላ ታያላችሁ።)

መጀመሪያው ሌሊት ሳንቃበር አደርን። በማግሥቱ የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን ግጭ ካምፕ ደረስን፤ 3,600 ሜትር ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን እቅዳችን እመት ጎጎ ወጥተን፣ 3,926 ሜትር ላይ ፎቶ ተነስተን፣ ከዚያ ወደ ጨነቅ ካምፕ ልንሄድ ነው። ጠዋት ሰማዩ እንደ መስተዋት ነበር። ጓሳው ላይ ጤዛ ያበራል፣ ጅብራው ተገትሯል። ጋቢያችንን ተከናንበን ስንሳሳቅ ወጣን።

ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ ከገደሉ ሥር ጉም መነሳት ጀመረ። ጋን ሲታጠን ከአፉ የሚወጣውን ጢስ አይታችኋል? እንደሱ ነው። ቀስ ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ ከቆላው ወደ ላይ። ደስ አለን። ስልክ አውጥተን ማንሳት ጀመርን። በዚህ መሀል አያ ቆመ። ከኪሱ ቢጫ ፌስታል አወጣ። አራገፈው፣ የጠመንጃውን አፈሙዝ አለበሰው፣ በክር ሁለቴ ጠምጥሞ አሰረው። ጠመንጃውን ዘቅዝቆ ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። አንድ ጠብታ አልወረደም እኮ ገና! ነገሩ አሳቀኝ፣ እሱንም ፎቶ አነሳሁት። ጂኦግራፊ አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ስለ ደመና ዓይነት ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ስንት ዓመት ያስተማርኩ እኔ። ሰማዩን ግን ያነበበው እሱ ነው።

ትንሽ እንደሄድን ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«መምህር፣ ብንመለስ ይሻላል።»

«ስንት ይቀረናል?»

«በደህና ቀን ግማሽ ሰዓት።»

«በዛሬውስ?»

«የዛሬውማ አይታወቅም።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ግማሽ ሰዓት» የምትለዋን ብቻ ነው። «ታዲያ ግማሽ ሰዓት ከሆነማ ምን አለ፣ እንሂዳ!» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ። ሌሎቹም ዝም አሉ። እኔም ዝምታቸውን እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ጭጋጉ ዋጠን። አስጎብኚው ከፊቴ አሥር እርምጃ ላይ ነበር፤ ጀርባው ጠፋኝ። ከዚያ ዝናብ፣ ከዝናቡ በረዶ፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያክል፣ ጆሮ ላይ የሚጋረፍ። ነፋሱ ከገደሉ በኩል ይመጣል። እኔ ደግሞ አሁንም እሄዳለሁ። ጥርሴን ነክሼ፣ «አይበግረንም» እያልኩ። ይቺን ቃል በአፌ ብያታለሁ። ምስክር አለኝ።

ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ አንዲት የሥራ ባልደረባችን ናት። ጂንስ ነው የለበሰችው፣ ከላይ ጋቢ ደርባለች። የጥጥ ነገር ታውቃላችሁ፤ ደረቅ ሲሆን እንደ እናት ነው፣ ሲርስ ውሃውን ተሸክሞ ሙቀትን ከሰውነት ይመጥጣል። ያ ጋቢ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። መጀመሪያ ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። «ቆሎ እንብላ፣ ጉልበት ይሆነናል» ተባለና የቆሎው ፌስታል ለእሷ ተሰጣት። ቋጠሮውን መፍታት አቃታት። ጣቶቿ አልታዘዝ አሉ። አየችን፣ ሳቀች፣ እኛም አብረን ሳቅን። እኔ ነኝ የፈታሁት። ከዚያ ስንሄድ መንቀጥቀጧ ቆመ። እኔም «ተመስገን፣ ሞቃት» አልኩ።

እዚህ ላይ ልቁም። ይህን የሚያነብ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይችን እንዲይዝልኝ ስለምፈልግ ነው። የበረደው ሰው ሞቅ ሳይለው፣ ሳይደርቅ፣ ዝም ብሎ መንቀጥቀጥ ካቆመ አልሞቀውም። ሰውነቱ መታገል እያቆመ ነው። ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ይሉታል፤ 37 ዲግሪ መሆን ያለበት የሰውነት ሙቀት ከ35 በታች ሲወርድ ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ አላስካ መሄድ አያስፈልግም። በተራራ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎንደር ላይ 20 ዲግሪ ሆኖ በሹራብ ስትንሸራሸሩ እመት ጎጎ ላይ 8 ዲግሪ ነው። ይህ እንግዲህ ደረቅ ሆነህ፣ ነፋስ ሳይኖር ነው። እርጥብ ልብስና ነፋስ ሲጨመርበት የሆነውን እኛ አይተነዋል። ይህን ስሌት ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች በየዓመቱ አሠራ ነበር። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

«ደህ…ና… ነኝ» አለች። ቃሉ እንደ ሰከረ ሰው ተጎተተ። እርምጃዋም እንደዚያው። እኔ ድካም መሰለኝ።

አያ ተመልሶ መጥቶ ፊቷን አየ። እኔን አልጠየቀኝም። «እስካሁን እርስዎ መሩን፤ ከዚህ ወዲያ እኔ ነኝ» አለኝና እጇን ይዞ ዞረ። የራሱን የሱፍ በርኖስ አውልቆ አለበሳት፤ የረጠበ ጋቢዋን እኔ ተሸከምኩ። ያኔ ነው ክብደቱን ያወቅሁት።

የመጣንበትን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ለመመለስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብን። መንገዱ የት እንዳለ የሚያውቀው አያ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ በግራ በኩል የጭላዳ ጩኸት ሰማን። አንዱ ጓደኛችን ድምፁን ሲሰማ ሜዳ ያለ መስሎት ወደዚያ ዘመም አለ። አያ በክርኑ ያዘው። ጭላዳ ክፉ ነገር ሲመጣበት የሚሸሸው ወደ ገደሉ ነው፤ ቤቱ እዚያ ነው፤ በጭጋግ ውስጥ ድምፁን ከሰማህ ገደሉ ቅርብ ነው አለን። እዚያ አካባቢ ገደሉ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ስሜን ውስጥ 1,500 ሜትር ድረስ ቁልቁል የሚወርድ ቦታ አለ። «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለካ ተረት ብቻ አይደለም።

ካምፑ ወጥ ቤት ውስጥ ባለበቅሎዎቹ እሳት አንድደው አገኘናቸው። ልጅቷን እዚያ የነበሩ ሴቶች እርጥቡን ልብስ በሙሉ አወለቁላት፤ በደረቅ የሱፍ ብርድ ልብስ ተጠቀለለች፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ተጠግተው አቀፏት። ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ ሰጧት። አንዱ ደግ ሰው ከየት እንዳመጣት አላውቅም አረቄ ይዞ መጣ፣ «አንድ መለኪያ ብቻ፣ ወዲያው ያሞቃታል» እያለ። አስጎብኚው ጮኸበት። ልክ ነበር። አረቄ ቆዳ ላይ ያለውን የደም ሥር ስለሚከፍት ያሞቀ ይመስላል እንጂ ከውስጥ የቀረችውን ሙቀት ወደ ውጭ አፍስሶ ይጨርሳታል። እጅና እግሯን ማሸትም አልተፈቀደልንም፤ እሳቱ አፍ ላይ ማስጠጋትም እንደዚያው። ቀስ ብሎ ነው። አሥር ሰዓት ላይ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ እኛ ደነገጥን፣ አያ ግን ፈገግ አለ። ማታ ላይ የቆሎውን ፌስታል ራሷ ፈትታ በላች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለሚቀጥለው ነገር ነው።

ያን ዕለት ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን መጠያየቅ ጀመርን። መጀመሪያ የተናገረው ሹፌራችን ነው፣ አብሮን የወጣው። «እኔማ አያ ፌስታሏን ሲያወጣ ነው ልመለስ የፈለግሁት» አለ። ሌላው «እኔ ጉሙን ሳይ» አለ። ሦስተኛውም፣ ልጅቷም። እኔም። እውነቴን ነው፤ እኔም «እንሂዳ!» ስል በውስጤ አንድ ሰው «ተው» እንዲለኝ እየጠበቅሁ ነበር። አምስታችንም መመለስ ፈልገናል! አምስታችንም አልተናገርንም! እኔ እነሱ ያዋጡት ብር እንዳይባክን፣ እነሱ እኔ መምህሩ እንዳልከፋ፣ ልጅቷ «ሴት ስለሆነች ነው» እንዳትባል፣ ሹፌሩ እንግዳ ስለሆነ። ወደ ገደሉ የሚነዳን ዝናቡ አልነበረም ማለት ነው። ይሉኝታ ነው።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ በመመለስ አይታማም። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው የነገሡት እዚያው ስሜን፣ ደረስጌ ማርያም ነው፤ ይህን እየሰማ ያደገ የጎንደር ልጅ ወደ ኋላ ማለትን ከምን እንደሚቆጥረው መንገር አያስፈልገኝም። ለወጣ ሰው ፉከራ አለው፣ ለገደለ ሰው ፉከራ አለው። «ሰማዩን አይቼ ተመለስኩ» ብሎ የሚፎክር አጋጥሟችሁ ያውቃል? አሁን ደግሞ ስልኩ አለ። ጫፍ ላይ የተነሳ ፎቶ ላይክ ያገኛል። ግማሽ መንገድ ላይ የተነሳውን ማን ሼር ያደርገዋል?

የሚገርመው የስሜን ሰው ራሱ እንዲህ አይደለም። ገበያተኛው ወንዝ ሞልቶ ሲያገኘው ዳሩ ላይ ጭነቱን አውርዶ ቁጭ ይላል። ያወራል። ቆሎውን ያወጣል። ውሃው እስኪጎድል አንድ ሰዓትም ይሁን ሦስት ይጠብቃል፤ ካልጎደለ ተመልሶ ይሄዳል። ማንም ፈሪ አይለውም። የደጋ ወንዝ በአንድ ጊዜ እንደሚሞላ፣ ዝናቡ ካባራም ቶሎ እንደሚወርድ ያውቃል። ከተሜው ነው ሱሪውን ሰብስቦ «ጉልበት አይደርስም» እያለ የሚገባው። ውሃው ደፍርሶ ድንጋይ ሲያንከባልል ከተሰማህ ጉልበት መድረስ አለመድረሱ ዋጋ የለውም። ሌላም አለ፤ ጠዋት በድንጋይ ላይ እየዘለልክ የተሻገርከው ጅረት ከሰዓት በኋላ መመለሻህን ይዘጋል። አንተ ያለህበት ላይ ባይዘንብ እንኳ ላይኛው ተራራ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ከጨነቅ ወደ ራስ ደጀን ስትሄዱ የመሸሃን ወንዝ ነው የምታቋርጡት፤ በክረምት ይህን ሳያስቡ መነሳት ምን ሊባል ይችላል፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ካልተባለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። መልሴ አንድ ነው፤ የመመለሱን ነገር እዚህ ከተማ ቡና እየጠጣችሁ ጨርሱት። ተራራው ላይ አትወስኑት። ተራራው ላይ ጫፉ ይታያል፣ ብሩ ይታሰባል፣ ሰው ያያል፣ ጭንቅላትም ደክሟል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለዚህ ነው።

እኛ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምናደርገው። ከመነሳታችን በፊት የመመለሻ ሰዓት እንቆርጣለን። ጫፍ ደረስንም አልደረስንም ያ ሰዓት ሲሞላ እንዞራለን። አቆራረጡ ቀላል ነው። እኛ አገር ፀሐይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ግድም ነው የምትጠልቀው፣ እንደ ፈረንጅ አገር እስከ ማታ አትቆይም። ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣት ስሌት አለች፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምር ትላለች። ከጨነቅ 3,620 ሜትር ተነስተህ ቧሂት 4,430 ሜትር ስትወጣ ለዳገቱ ብቻ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ታስቀምጣለህ ማለት ነው፣ ርቀቱ ሳይቆጠር። እሷም ብትሆን ለጠንካራ እግርና ለደህና ቀን ነው የተሠራችው። ቧሂት ላይ የምትተነፍሰው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ቢሆን ነው፤ ጭቃው አለ፣ ቡድኑ ውስጥ ስትራመድ የምትደክም አንዲት ነፍስ ትኖራለች። ስለዚህ እኛ እጥፍ አድርገን ነው የምንይዘው። ጠዋት 1 ሰዓት ከተነሳን 7 ሰዓት ላይ መዞር ነው። አለቀ።

ሁለተኛው ነገር፣ አንድ ሰው «ይብቃን» ካለ ይበቃል። ድምፅ አይሰጥበትም። ለምን አይባልም። ያን ቀን መንገድ ላይም ሆነ ማታ ራት ላይ አይነሳበትም። ይህ ሕግ ሲወጣ ቀልድ መስሎ ነበር፤ አሁን ከሁሉም የሚከብደው እሱ እንደሆነ አውቀናል፣ በተለይ «ማታ ራት ላይ» የምትለዋ።

ነጎድጓድ ሲሰማ ግን ሰዓትም ሰውም አይጠበቅም። መብረቁን ካየህ እስክትሰማው ድረስ ቁጠር፣ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትደርስ ከጮኸ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ማለትም ካንተ ዘንድ ነው። ከሸንተረሩ ውረድ፣ ብቻዋን የቆመች ዛፍ ሥር አትጠለል፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። አገራችን በየክረምቱ በመብረቅ ሰውና ከብት የምታጣ አገር ናት፤ ይህን ለገጠር ልጅ ማስተማር አይጠበቅብኝም፣ ለከተማ ልጅ ነው።

ራስ ምታትንም ልጥቀስ። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስን ከፈለጠ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ካቅለሸለሸ፣ «ፀሐይ ነው» ብሎ ኪኒን ውጦ መቀጠል አይደለም። እዚያው ማረፍ ነው፤ ካልተሻለ መውረድ ነው። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ደገኛ ነኝ ብሎ ነገር አይሠራም፣ ደገኞች ሲያስመልሳቸው አይቻለሁ።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ አንድ ሰው ቅዱስ ያሬድን ያነሳብኛል። ትሏ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ ወጣች፣ ያሬድም ከእሷ ተምሮ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ ታዲያ ተስፋ መቁረጥን ታስተምረናለህ ወይ ይሉኛል። ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው ስሜን ነው ስለሚባል ነገሩ በእኛ ዘንድ የበለጠ ይመዝናል። እኔ ግን ታሪኩን እንደገና እዩት ነው የምለው። ትሏ ስድስት ጊዜ ታች ነበረች! በሰባተኛው የወጣችው ስድስቱን ጊዜ በሕይወት ስለቆየች ነው። የወደቀችውም ዛፍ ሥር ነው፣ እመት ጎጎ ሥር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ብር። ስካውቱም አስጎብኚውም ባለበቅሎውም ከደመወዙና ከአበሉ ሌላ ጉርሻ ይጠብቃል፣ ተገቢም ነው። ጉርሻው የሚሰጠው መቼ ነው? መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሲደሰት። ሰው የሚደሰተው መቼ ነው? ጫፍ ሲደርስ። እንግዲህ «እንመለስ» የሚለው ሰው ከራሱ ኪስ እየከፈለ ነው የሚናገረው። አያ ያን ቀን «ብንመለስ ይሻላል» ሲለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ዓመት ቆይቶ ነው። አሁን እኛ ጉርሻውን ጠዋት፣ ሳንነሳ ነው የምንሰጠው። በፖስታ አድርገን። «ይሄ ያንተ ነው፣ ከካምፑ ሳንወጣ ብትመልሰንም ያንተ ነው» እንላለን። የሚያስጎበኙ ድርጅቶች ይህን ቢለምዱ ከብዙ ማስታወቂያ ይሻላል። በክረምት ልጆችን እያሰባሰቡ «ምንም አያግደንም» ብለው የሚለጥፉትም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ስም አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሐቁን ላለመደበቅ፣ መመለስ ደስ አይልም። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 2012 ላይ፣ ቡድናችን ቧሂት ለመውጣት ከጨነቅ ተነሳ። ጥቅምት ነው፣ አገሩ ጠርቷል፣ ከዚያ የተሻለ ወር የለም። ብዙውን መንገድ ሄደናል። ከበስተ ምሥራቅ ጥቁር ደመና መጣ። ያቺው ባልደረባችን ቆመችና «ይብቃን» አለች። ማንም ለምን አላላትም። ዞርን። ካምፕ ስንደርስ ደመናው ተበትኖ ነበር። አንድ ጠብታ አልጣለም። ቧሂት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል፤ ሌላ ቡድን ደግሞ ከላይ እየሳቀ ሲወርድ ደረሰ። ያን ቀን ራት ላይ ዝም ለማለት የታገልኩትን ትግል ዳገት ላይ ታግዬ አላውቅም። ደግሞ ልክ እንደነበረች የሚያረጋግጥልን ነገር የለም፣ ወደፊትም አይኖርም። ገደል ያልገባ ሰው ሊገባ እንደነበር በምን ያውቃል?

ለጋዜጣው ያለኝ ልመና ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ተራራ ስትጽፉ «ሳይበግራቸው»ን ተዉልን። «አየሩ ፈቅዶላቸው ደረሱ» ብትሉ ምን ይጎድላል? ሁልጊዜ የደረሱትን ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ የተመለሱትንም አውጡ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንድ ገጽ ለአስጎብኚዎችና ለስካውቶች ብትሰጧቸው፣ ምን አይተው እንደሚመልሱን በራሳቸው አፍ ቢነግሩን፣ እኔ ሰሌዳ ላይ ከምሥለው ደመና ይበልጣል።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶ አያይዣለሁ። ያኔ ነሐሴ ላይ፣ እየሳቅሁ ያነሳሁት ነው። ከጉሙ በስተቀር ብዙ የሚታይ የለውም። በግራ በኩል የአያ ትከሻ አለ፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ ቢጫ ፌስታል ያጠለቀ አፈሙዝ። ፊቱ ስለማይታይ ብታትሙት የሚከፋው አይመስለኝም። ከሥሩ የሚጻፈውን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር
ጎንደር